ክራር በጆሮ ይቃኛል፤ ሞተርስ?

በእኛ አገር በመንዝና በግሼ ብርዱ ስለሚጠና ሰው ከበርኖሱ አይለይም። ባለፈው ዕረፍት ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ጓደኛችንን ሊያሳጣን የነበረው ይኸው በርኖስ ነው። የቤንዚን ሞተር ሲስተካከል ለማየት ጎንበስ እንዳለ ጫፉን የማራገቢያው ቺንጊያ ያዘው፤ መካኒኩ ፈጥኖ ሞተሩን ባያጠፋ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በሌላ መንፈስ ነበር።

ነገሩ ግን ከበርኖሱም ያልፋል። መካኒኩ ዲስትሪቢዩተሩን ፈታ አድርጎ በእጁ እያዞረ፥ ድምፁ ለጆሮው ደስ እስኪለው ድረስ የካንዴላውን እሳት አስቀደመ። ክራር እንዲህ ይቃኛል። ሞተር ግን በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በአንድ ሴኮንድ 18,000 ዲግሪ ይሄዳል፤ ቤንዚኑም ነድዶ እስኪያልቅ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋልና እሳቱ ፒስተኑ ላይ ከመድረሱ በፊት መለኮስ አለበት። ስንት ዲግሪ በፊት? ይህን ጆሮ አይነግረንም።

በተለይ የደጋ ጆሮ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 71 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በስስ አየር ቃጠሎው ስለሚዘገይ እሳቱ ቢቀድምም ሞተሩ አያንኳኳም፤ እንዲያውም ይጎብዛል፥ ባለቤቱም ረክቶ ይከፍላል። ከዚያ በጣርማ በር፥ ጣልያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የሸነቆረውን ዋሻ አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ፥ ግፊቱ 86 በመቶ ያህል ነው፤ ሙቀቱም አለ። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ስላልተጫነ ምንም አይሰማም። ሰው ጭኖ ሽቅብ ሲመለስ ነው ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ የተንሿሿ የሚመስል ድምፅ የሚመጣው። ጉልበተኛና መጭመቂያው ከፍ ያለ ሞተር ከሆነ ያ ድምፅ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። ዓለም ከተማ ለመድረስ የጀማን ገደል የሚወርድና የሚወጣም ከዚህ አያመልጥም።

«ዛሬ መኪናውን ኮምፒውተር ይመራው የለም ወይ?» የሚለን አይጠፋም። አዲሶቹን አዎን፤ የናፍጣውም ካንዴላ የለውምና ይህ ነገር አይመለከተውም። ነገር ግን ባለካርቡራተር አሮጌ መኪና በአገራችን ገና አልጠፋም።

መካኒኩን አንወቅስም፤ ያለው መሣሪያ ጆሮው ነው። ተወቃሾቹ ቴርሞዳይናሚክስ እየሸመደድን ቅባት እንዳይነካን የምንሸሸው እኛ ነን። ብልጭ ድርግም የምትል የታይሚንግ መብራት ይዞ፥ ሞተሩን አሙቆ፥ የቫኩም ቱቦውን ነቅሎ ደፍኖ፥ በፑሌጃው ላይ ያለውን ምልክት ፋብሪካው ከጻፈው ቁጥር ጋር ማገናኘት የአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ነው። ለጉልበተኛ ሞተር ግን በዝግታ ሲዞር ብቻ አይበቃም፤ ፍጥነት ሲጨምር እሳቱ በጠቅላላው ምን ያህል እንደሚቀድም ማየት ያሻል። ከዚያ በፊት ማርሹ ዜሮ ላይ፥ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፥ ጎማው በድንጋይ ተደግፎ፤ በብርድ ምክንያት የጋራዡን በር መዝጋትም ጢሱ ይገድላልና አይሆንም። ደግሞም መብራቷ ምልክቱን የቆመ እንደምታስመስል ሁሉ የሚዞረውን ማራገቢያም የቆመ ልታስመስለው ትችላለች፤ እጅ የሚሄደው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ በሚመጣው ዕረፍት ከየወረዳችን ጋራዦች ጋር የምንሠራባቸው ሁለት መብራቶች ከዎርክሾፑ በውሰት እንዲሰጡን ፊርማ እያሰባሰብን ነው። ዝርዝሩ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል፤ ባለበርኖሱ ጓደኛችን አንደኛ ፈርሟል።