ደብተሩ አይቃጠልም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ክረምት እዚህ ቢላ፣ ከእሑድ መርሐ ግብር በኋላ፣ አንድ ደብተር በሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን እጅ ሲዞር አመሸ። ባለ 50 ሉክ ተራ ደብተር ነው። ባለቤቱ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ በመካከላችን ያደገ ልጅ ነው። በውስጡ የተጻፈው የአራዊት መዝገብ ነው፤ ስም፣ መልክ፣ መኖሪያ፣ የአደገኛነት ደረጃ በተራ ተቀምጦለታል። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ነው። የእያንዳንዱ አውሬ ስም በቀይ እስክሪብቶ፣ ሐተታው በጥቁር ተጽፏል። ቀዩን ከየት እንዳመጣው ብጠይቀው፣ «በበዓል ቀን ከሚነበበው ተአምረ ማርያም አይቼ ነው፣ መምህር» አለኝ።

ከአራዊቱ አንዳቸውም በወለጋ ዱር የሉም፤ በየትኛውም ዱር የሉም። የተገለበጡት እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄ.ኬ. ሮውሊንግ የሃሪ ፖተርን ታሪክ ለማስፋት በ2001 እ.ኤ.አ. ካሳተመችው «ፋንታስቲክ ቢስትስ» ከተባለው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ አሥር የዘንዶ ዓይነቶችን ይዘረዝራል። የእኛ ልጅ ግን ዐሥራ አንደኛ ጨምሮበታል፤ ብሩታዊትን ሊበላ የነበረውንና ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ የገደለውን ዘንዶ፣ መኖሪያውን «ቤሩት» ብሎ፣ ከነአደገኛነት ደረጃው።

ይህ ብቻ ቢሆን ፈገግ ብለን ባለፍነው ነበር። ደብተሩን ከኋላ የገለበጠው መምህር ግን ፊቱ ተለወጠ። በመጨረሻዎቹ አራት ገጾች ላይ የቅዱሳን መላእክት ስም በሰንጠረዥ ተቀምጧል። ከየስሙ አጠገብ «ኃይል» የሚል ዓምድ አለ፤ በዓምዱም ውስጥ ከዋክብት። ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል አምስት አምስት ኮከብ፣ ቅዱስ ዑራኤልና ቅዱስ ራጉኤል አራት አራት፣ ቅዱስ ሳቁኤል ሦስት።

«ይቃጠል» ተባለ። ልጁም እስኪመከር ድረስ ከአገልግሎት እንዲታገድ ሐሳብ ቀረበ። እኔ ተቃወምሁ፤ አሁንም እቃወማለሁ። ይህን የምጽፈው ግን መጽሐፉ ምንም አይደለም ለማለት አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ እነዚህ መጻሕፍት ምንነት። ብዙ ወላጆች የሃሪ ፖተርን ስም ሰምተዋል፤ ተጓዳኝ መጻሕፍት እንዳሉት ግን አያውቁም። ተጓዳኝ መጽሐፍ ታሪክ አይተርክም። በልብ ወለዱ ዓለም ውስጥ «አለ» የተባለውን መጽሐፍ በእውኑ ዓለም አትሞ ያቀርባል። የአራዊቱ መጽሐፍ ሽፋን ላይ የተጻፈው የሮውሊንግ ስም ሳይሆን ኒውት ስካማንደር የሚባል የፈጠራ ሊቅ ስም ነው። የግርጌ ማስታወሻ አለው፤ በኅዳጉም ላይ የልብ ወለዱ ልጆች በእጃቸው የጫሩት የሚመስል ጽሑፍ ታትሟል። በዚያው ዓመት በመጥረጊያ ላይ ሆኖ ስለሚካሄደው የጨዋታ ታሪክ ሌላ ወጣ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጠንቋዮቹ ልጆች ተረት ነው የተባለው ታተመ። ይህ የመጨረሻው ከመታተሙ በፊት ደራሲዋ በእጇ የጻፈቻቸውና የሣለቻቸው፣ በቆዳ የተጠረዙና በብር ያጌጡ ሰባት ቅጂዎች ነበሩት። ከእነርሱ አንዱ በ2007 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ጨረታ በ1.95 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጧል። ገንዘቡ ለችግረኛ ሕፃናት ውሏል፤ የሁለቱ የ2001 መጻሕፍት ገቢም ለበጎ አድራጎት ተሰጥቷል። እውነቱን መደበቅ አይገባም። በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ክብር ያለው መሆኑን ለዓለም ያስታወሰችው እርስዋ ናት፤ የብራና ባለቤቶች የሆንነው እኛ ግን ያንን ክብር ለልጆቻችን ከማሳየት ቸል ብለናል።

እዚህ እንዴት ደረሰ? በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። መስመሩ ሳይመለስም በመጋቢት ወር ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘጉ። በዚያ ወቅት ልጆቻችን ያዩትና ያነበቡት ሁሉ ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር የተላለፈ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰ አንድ ወጣት ፊልሞቹን አመጣ፤ ከፊልሞቹ ኋላ መጻሕፍቱ መጡ። መንገዱ ያሠጋል፣ ሌሊቱ ያስፈራል፤ ለ12 ዓመት ልጅ ደጁ ሲጠብበት ካርታ ያለው ሌላ ዓለም በእጁ ገባ። ያን ጊዜ እኛ መምህራኑ የት ነበርን? ቤታችን ተዘግተን ነበር። ወደ ልጁ ቤት የገባው ግን ኒውት ስካማንደር ነው። ይህን ሳያስብ ክብሪት የሚያነሣ ሰው ፍርዱን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሯል።

«ይቃጠል» ያሉት ወንድሞች የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19ን ጠቅሰዋል። በኤፌሶን የአስማት መጻሕፍት ተቃጥለዋልና። መልካም ነው፤ ምዕራፉን ግን በሙሉ እናንብበው። መጻሕፍቱን ያመጡት በአስማት ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ አምነው፣ ሥራቸውን ተናዝዘው፣ ዋጋው 50 ሺህ ብር መሆኑን አስልተው አቃጠሉት። ቅዱስ ጳውሎስ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ አካባቢ አስተማረ እንጂ በየቤቱ እየዞረ የማንንም መጽሐፍ ሲነጥቅ አልተጻፈም። ከልጅ እጅ የተነጠቀ ደብተር የኤፌሶን እሳት አይሆንም፤ ጭሱ ብቻ ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙዎችን እንደሚያስቆጣ ባውቅም እናገረዋለሁ። ስለ እንግሊዛዊ የልብ ወለድ ጠንቋይ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስንሰብክ፣ ከፊታችን የተቀመጠው ሕፃን አንገት ላይ ትርጉማቸው የማይታወቅ ስሞች የተደረደሩበት ክታብ ተንጠልጥሏል። እናቱ ባለፈው ሳምንት ከብት ስለ ጠፋባት ጠንቋይ ቤት ሄዳ ተመልሳለች፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አልተናገረም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 የሚከለክለው ሟርተኛና አስማተኛ ለንደን ውስጥ ያለውን ብቻ ይመስል! ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በመጽሐፈ ብርሃን የተሟገተው በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሕዝቡ መካከል ካለው ጥንቆላ ጋር ነው። ልጁ በደብተሩ ያለው አስማት እውነት እንዳይደለ ጠንቅቆ ያውቃል። የክታቡ ባለቤት ግን ያለው አስማት ይሠራል ብሎ ያምናል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ሊያስፈራን ይገባል?

እንግዲህ ወደ ሌላው ወገን ልዙር። «ጨዋታ ነው፤ እንግሊዝኛውንም ያሻሽልለታል» የሚሉ አሉ። እንግሊዝኛውን በእርግጥ አሻሽሎለታል። ጨዋታ ብቻ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ምክንያቴን በአንዲት ወፍ ላስረዳ።

በልጁ ደብተር ፊኒክስ የምትባል ወፍ አለች። በመጽሐፉ ሥርዓት ከአምስቱ የአደገኛነት ምልክቶች አራት ተሰጥቷታል፤ ጨካኝ ሆና ሳይሆን ያላመዷት ጥቂቶች ስለ ሆኑ ነው። ይህችው ወፍ ከዚያ ሁሉ በፊት በእኛ ቤት ነበረች። ቅዱስ ቀሌምንጦስ ዘሮም ወደ ቆሮንቶስ በላከው መልእክት በምዕራፍ 25 ያነሣታል፤ 500 ዓመት ኖራ የምትሞተውንና ከሞቷ ሕይወት የሚወጣውን ወፍ ጠቅሶ ስለ ትንሣኤ ሙታን ያስረዳል። ፊሳልጎስ የሚባለው መጽሐፍም አለ፤ በጥንት ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰ የአራዊትና የአዕዋፍ መጽሐፍ ነው። አንበሳው፣ ንስሩ፣ ባለ አንድ ቀንዱ፣ ፊኒክሷ በየተራ ይቀርቡና እያንዳንዳቸው ወደ ክርስቶስ ይመራሉ። የግእዙን ንባብ ፍሪትዝ ሆመል የተባለ ጀርመናዊ በ1877 እ.ኤ.አ. በላይፕሲግ ከነትርጉሙ አሳትሞታል። እኛ ዘንድ ከሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎቻችን ስሙን የሰማ አንድም አላገኘሁም። እንግዲህ ልጁ «የአራዊት መጽሐፍ» ሲባል የሚያውቀው ያንኛውን ብቻ ቢሆን ምን ይደንቃል?

ይህን ለልጁ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «መምህር፣ ያቺም ወፍ እኮ የለችም። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ጥያቄው ትክክል ነው፤ ወዲያው አልመለስሁለትም። አባቶች በዘመናቸው ስለ ወፊቱ የተነገረውን ተቀብለው ጻፉ፤ የጻፉት ግን ስለ ወፎች ለማስተማር አልነበረም። የፊሳልጎስን ምዕራፍ አንብቦ የጨረሰ ሰው በእጁ የሚቀረው ወፊቱ ሳትሆን መቃብሩ ነው፤ የራሱ መቃብርና ተነሥቶ የሚሰጠው መልስ። የተጓዳኙ መጽሐፍ ፊኒክስ ግን በፊኒክስ ታበቃለች። ከእርስዋ ቀጥሎ ያለው ሌላ አውሬ፣ ከዚያም ሌላ መጽሐፍ፣ ከዚያም ሌላ ፊልም ነው። ሁሉንም በቃልህ ብታጠና ከወንድምህ ጋር እንድትታረቅ የሚጠይቅህ የለም፤ እንድትጾም፣ እንድትናዘዝ፣ የወሰድኸውን እንድትመልስ አይጠይቅህም። ዕውቀቱ ይበዛል፣ አዋቂው ባለበት ይቆማል። እኔ የምፈራው ይህን ነው። ልጆቻችን ጠንቋይ ይሆናሉ ብዬ አልሠጋም፤ ምንም የማይጠይቅ ዕውቀትን ለምደው የሚጠይቀውንም በዚያው ዓይን እንዳያነቡት ግን እሠጋለሁ።

ወደ አራቱ ገጾች የሚመልሰኝም ይህ ነው። ለመላእክት ኮከብ መስጠትን ከማን ተማረ? ከስካማንደር ብቻ ነው ብዬ ራሴን ማታለል አልችልም። ይህ ልጅ በጥያቄና መልስ ውድድራችን ሁለት ጊዜ አንደኛ ወጥቷል። ጥያቄዎቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቅዱስ ዑራኤል በወር በስንት ይታሰባል? በ22። ቅዱስ ራጉኤልስ? በ1። አዕማደ ምሥጢር ስንት ናቸው? አምስት። ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያንስ? ሰባት። መለሰ፣ ተጨበጨበለት፣ ደብተርና እስክሪብቶ ተሸለመ። (የተሸለመው ደብተር ይኸው ራሱ እንዳይሆን ብዬ እስካሁን አልጠየቅሁትም።) ቅዱስ ዑራኤልን በጸሎት ጠርቶት ያውቅ እንደ ሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅነውም። መጽሐፈ ሄኖክንም እናስተምራለን፤ ሙሉ ንባቡ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው እያልን እንመካለን፤ እውነትም ነው። ጉባኤው ላይ ስንተርከው ግን ስለ ፍርድና ስለ ንስሐ ያለውን ዘልለን ስለ ረዓይት ቁመት ስናወራ እናመሻለን፤ ልጆቹ የሚያጨበጭቡት እዚያ ላይ ነውና። ልጁ የእኛን ትምህርት እንደ ተጓዳኝ መጽሐፍ ያነበበው እኛ እንደ ተጓዳኝ መጽሐፍ ስላቀረብንለት ነው።

ቋንቋውም አለ። ይህ ልጅ ማንም ሳያዝዘው አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወደ አፋን ኦሮሞ መልሷል! በእኛ መደርደሪያ ላይ ስንክሳር በግእዝና በአማርኛ አለ፤ በቤቱ በሚነጋገርበት ቋንቋ ግን አንዲት የስንክሳር ገጽ የለንም። ኦኔሲሞስ ነሲብ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ሕይወቱ ያለፈው ነቀምቴ ውስጥ ነው፤ እኛ ከዚያ ቤት ጋር በሃይማኖት አንስማማም፤ ሆኖም በቋንቋው የተጻፈለትን ያነበበ ትውልድ ለምን ወደዚያ ሄደ ብሎ ማልቀስ እንዴት ይቻለናል? ተርጓሚ በመካከላችን ተቀምጦ ደብተሩን ለማቃጠል ድምፅ ስንሰጥ ውለናል።

ደብተሩን ለሁለት ሳምንት ያህል ከእኔ ዘንድ አቆይቼ መለስሁለት። ስመልስለት ስለ መላእክቱ ገጾች አንድ ነገር ብቻ ነገርሁት፦ ቅዱስ ሳቁኤልን ሦስት ኮከብ ሲሰጠው ከእርሱ በላይ ቆሞ እየዳኘው እንደ ነበር። መልስ አልሰጠኝም። በሚቀጥለው እሑድ ይዞት ሲመጣ አራቱ ገጾች በንጽሕና ተቀድደው ወጥተዋል፤ ምን እንዳደረጋቸው አልጠየቅሁም። የፊተኞቹ አራዊት እንዳሉ ናቸው፤ የቤሩቱም ዘንዶ አለ። ከእነርሱ ቀጥሎ ባለው ባዶ ገጽ ላይ «ፊሳልጎስ» የሚል ቃል በቀይ ጽፎ፣ ከሥሩ ምንም ሳይጽፍ፣ «ግእዙን ማን ያነብልኛል?» አለኝ።

የደብሩን የቅኔ መምህር ለምኛቸው ፈቅደዋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይቀመጣሉ። ልጁ ከአገልግሎት ይታገድ የሚለው ሐሳብ ግን ገና አልተነሣም፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጥሯል። እኔም የተናገርሁትን ያንኑ እዚያ እደግመዋለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።