መጀመሪያ ጓዳው ይታይ፣ ቡናው ይደርሳል

በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ እንግዳን በር ላይ አቁሞ ማነጋገር ነውር ነው። «ኮታ፣ ቡና ዹጋ» ይባላል። ወንበር ይወለወላል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይቆላል። ሰውን በዚህ ወግ የሚቀበል አካባቢ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን እንግዳዋ ልጇን የምታውልበት ቤት ፍለጋ የመጣች እናት ስትሆን፣ ይኸው ደግ ወግ የመጣችበትን ጉዳይ ሊሸፍንባት ይችላል።

ነገሩ ለብዙ ወላጆች የታወቀ ነው። «እገሊት ቤቷ ውስጥ አራት አምስት ሕፃናት ትይዛለች» ተብሎ ይጠቆማል። ባልና ሚስት ቅዳሜ ከሰዓት ይሄዳሉ። ሳሎን ይቀመጣሉ፤ ቡና ይጠጣሉ፤ ስለ ኑሮ ውድነትና በጋራ ስለሚያውቁት ሰው ይወራል። የወሩ ክፍያ መጨረሻ ላይ ይነሳል። ሲወጡ «ጥሩ ሰው ናት» ይባባላሉ። ልጁ የሚተኛበትን ክፍል ግን አላዩም። ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነ በቤቱ አንድም የሚያዝ ሕፃን አልነበረም።

ጥሩ ሰው መሆኗ እውነት ይሆናል። ያዩት ግን እንግዳ አቀባበሏን ብቻ ነው። ሁለት ጎልማሶችን ለአንድ ሰዓት ማስተናገድና አምስት ሕፃናትን ከጠዋት እስከ ማታ መያዝ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ለምን አይጠየቅም? ይሉኝታ ነዋ! በአገሩ ልማድ እንግዳ እስከ ሳሎን ነው። ጓዳ የቤተሰብ ገመና ነው። «ወጥ ቤቱን ልየው» የሚል እንግዳ ባለቤቲቱን እንደናቀ ይቆጠራል። ስለዚህ እናት ሳትጠይቅ ትወጣለች፤ ባለቤቲቱም ያልተጠየቀችውን አታሳይም። ሁለቱም ሥርዓት ጠብቀዋል። ዕዳው የሚወድቀው አፍ ባልፈታው ልጅ ላይ ነው። የሦስት ወር ሕፃን ማታ ቤቱ ገብቶ «ዛሬ ክፍሉ ታፍኖ ነበር» ወይም «ጡጦዬ ሳይታጠብ ዋለ» ብሎ አይናገርም።

የሦስት ወር ሕፃን መባሉም በምክንያት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት የሚሰጠው ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ለአባት የተፈቀደው 3 ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ሕፃን 6 ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ እንዲያገኝ ይመክራል። በሕጉና በምክሩ መካከል የሦስት ወር ክፍተት አለ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። በግል ክሊኒክ፣ በሱቅ ወይም በሆቴል የምትሠራ እናት ግን ይህ አይመለከታትም። አምቦ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል ያለባት፣ ለሥራ ከሌላ አካባቢ የሚመጣ ሰው የማይጠፋባት ከተማ ናት። አያት በቅርብ የሌለችለት ቤተሰብ የሰፈር ሴት በር ያንኳኳል። ያ በር የሚከፈትበት መንገድ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ከአቀባበሉ ውስጥ ራሱ ለሕፃን አደገኛ የሆነ ነገር አለ፤ የከሰል ምድጃው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ጌዶ ሲወጣ ብርዱ ይብሳል። በክረምት በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አጠገብ መቀመጥ ማንንም አይገርምም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ አደጋው ያለፈ ይመስላል፤ ጋዙ ግን ከቀላው ፍምም ይወጣል። ለሚድህ ልጅ ደግሞ ፍሙና የሚንተከተከው ጀበና በእጁ ቁመት ልክ ናቸው። እንግዳ ለማክበር ብላ ሕፃናት ባሉበት ክፍል ከሰል የምታስገባ ሴት የዘወትር አያያዟን ሳታውቀው አሳይታለች። ሕፃናቱ ከማይደርሱበት በረንዳ ላይ የምታፈላ ሴትም እንዲሁ አሳይታለች።

ታዲያ ጥሩ አቀባበል ምን ይመስላል? እናት ከመቀመጧ በፊት ቤቱን ዞራ ታያለች። ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል መስኮቱ ይከፈት እንደሆነ፣ ትንንሾቹ በጀርባቸው ይተኙ እንደሆነ፣ ፍራሹ በሽንት ሲርስ ምን እንደሚደረግ ይነገራታል። ታልቦ የመጣ የጡት ወተት የት እንደሚቀመጥ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ይነገራታል። የዳይፐር መቀየሪያው ከምግብ ቦታው መራቁን ታያለች። ጉድጓድ ወይም በርሜል ውኃ በግቢው ካለ ክዳኑን ታያለች። ባለቤቲቱ ገበያ ስትወጣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቀሩ፣ ልጁን ማታ ከወላጆቹ ሌላ ማን ሊወስደው እንደሚችል ትጠይቃለች። የሚነገረው ቋንቋ ኦሮምኛ ይሁን አማርኛ ወይም ሁለቱም ማወቅም የወላጅ መብት ነው። በምሳ ሰዓት መጥታ የምታጠባበት ጥግ ሲታያት ደግሞ ከየትኛውም ቡና ይልቅ ልቧ ያርፋል።

የጉብኝቱ ቀንም የሥራ ቀን ቢሆን ይሻላል። ሕፃናት ሲመገቡ ወይም ሊተኙ ሲሉ ያለው ግርግር ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ ይናገራል። ሲያለቅስ የሚነሳ ልጅ አለ? ባለቤቲቱ ስትጠራቸው ልጆቹ ወደ እሷ ይሄዳሉ ወይስ ይሸሻሉ? ይህ ቅዳሜ ሳሎን ውስጥ አይገኝም።

ከባለቤቶቹ በኩል የሚነሳው ቅሬታ ተገቢ ነው። ቤቱ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ባልና ልጆች የሚኖሩበት ነው። የማያውቁት ሰው በየክፍሉ ሲዞር ደስ አይልም። በዚያ ላይ የሌሎቹ ሕፃናት እናቶች እንግዳ ዓይን በተኛ ልጃቸው ላይ እንዲያርፍ አይፈልጉም። ጤናም አለ፤ በሀገሪቱ የክትባት መርሐ ግብር የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር ነው። በ3 ወሩ የገባ ሕፃን ግማሽ ዓመት ያህል ያለዚያ ክትባት ይውላል። የሚያስል ሰው፣ የሚያተኩስ ልጅ ይዞ የሚመጣ ጎብኚ ለእሱ ስጋት ነው።

ለዚህ መልሱ በር መዝጋት አይደለም፤ ሥርዓት ማበጀት ነው። ለጎብኚ በሳምንት አንድ የሥራ ቀን፣ አንድ ሰዓት መመደብ ይቻላል። የቤተሰቡ መኝታ ቤት ተዘግቶ ሕፃናት የሚውሉበት ሁሉ ይከፈታል። ጎብኚ ጫማ ያወልቃል፣ እጁን ይታጠባል፣ የሰው ልጅ አይስምም። ልጇን ያስገባች እናት ግን በማንኛውም ሰዓት ሳትጠራ ብትመጣ በሩ ሊከፈትላት ይገባል። ይህንን የማይፈቅድ ቤት ምክንያቱ ምንም ቢሆን አይመረጥም።

ወላጅም ዕዳ አለበት። ቤቷን ከፍታ ያሳየችን ሴት «እሺ፣ እንደውላለን» ብሎ ጠፍቶ መቅረት ነውር ነው፤ ቦታ ይዛ ሌላ ልጅ ልትመልስ ትችላለች። አልተመቸንም ማለት ይቻላል። ድህነቷንም ገመናዋንም አይቶ ሰፈር ውስጥ ማውራት የባሰ ነውር ነው። የተጎዳ ሶፋና የተላጠ ግድግዳ ልጅ አይጎዱም። በንጽሕናና በጥንቃቄ የተያዘ አንድ ክፍል ካጌጠ ሳሎን ይበልጣል። ባለቤቲቱም ጠያቂ ብትሆን ደስ ሊላቸው ይገባል፤ የክትባት ካርዱን፣ የማይስማማውን ምግብ፣ ሲተኛ የሚለምደውን የምትጠይቅ ሴት ሥራዋን የምታውቅ ናት።

ይህ ለአካባቢው እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ገብቶ እስከ ቤተሰብ ሕግ ዘልቋል። ቃሉን የወለደው ባህል የሌላውን ልጅ ተቀብሎ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግን የሚያውቅ ነው። እናት ለመጎብኘት ስትመጣ ሁሉም ትኩረት ወደ እሷ ይዞራል፤ እሷ ግን ቡናዋን ጠጥታ ትሄዳለች። በዚያ ቤት በየቀኑ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት የሚቆየው እንግዳ ሕፃኑ ነው። ክብሩም በቅድሚያ የሚገባው ለእሱ ነው።

በአምቦና በዙሪያዋ ከተሞች ሕፃናት በቤታቸው የሚይዙ ሴቶች ተገናኝተው በአንድ ነገር ቢስማሙ ብዙ ይቀየራል፦ ለሚመጣ ወላጅ መጀመሪያ ቤቱን ማሳየት፣ ቀጥሎ ጥያቄውን መመለስ፣ ከዚያ ማፍላት። ሁሉም እንዲህ ካደረገ የጠየቀች እናት እንደ ተጠራጣሪ፣ ያሳየች ሴትም እንደ ተመረመረች አትቆጠርም። ቡናውም ያን ጊዜ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ የምትጠጣው እናት ልጇ የት እንደሚተኛ አይታለችና።