«ግድ የለም» እና ግድየለሽነት

ልጆች፣ ዛሬ «ግድየለሽነት» የሚለውን ቃል እንፈታለን። ቸልተኝነትም ይባላል። እንግዳ ስኒያችሁን ሰብሮ ሲደነግጥ «ግድ የለም» ብትሉት ደግነት ነው፤ የተሰበረው የእናንተው ዕቃ ነዋ። ሌላ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል እያወቁ «ግድ የለም፣ ምን ይመጣል!» ብሎ ማለፍ ግን ግድየለሽነት ነው።

«እያወቁ» የምትለዋን ያዙልኝ። ጁባ ውስጥ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ መንገድ ዳር ሲሸጥ አይታችኋል። እዚህ ኮር ዊሊያምም ለጄኔሬተር ወይም ለቦዳ ቦዳ ይገዛና ቤት ገብቶ ከመጠጥ ውሃው አጠገብ ይቀመጣል። የሦስት ዓመት ልጅ ጠምቶት አንስቶ ቢጠጣው ግድየለሹ እሱ ነው? አይደለም፤ እሱ ምን አውቆ! እዚያ ያስቀመጠው ትልቅ ሰው ግን ያውቃል።

ወላጆች፣ ይቺን ለእናንተ ነው የምጽፋት። ቤንዚን የጠጣን ልጅ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ሲወጣ ወደ ሳንባ ገብቶ የባሰ ይጎዳዋል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ደግሞ እሳቱ አለ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ሳይታይ መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ያለ የከሰል ምድጃ ላይ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ «ከምድጃው ትንሽ ፈቀቅ አድርጌዋለሁ» ማለት አይበቃም።

እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 2015 ከጁባ በስተምዕራብ ማሪዲ አካባቢ ነዳጅ የጫነ ቦቴ ተገለበጠ። ሰዉ የፈሰሰውን ሊቀዳ ተሰብስቦ ሳለ ቦቴው ፈነዳ፤ ከ170 በላይ ሰዎች ሞቱ። እነዚያን ሰዎች ግድየለሽ ብሎ መፍረድ ይከብደኛል። ለድሃ ሰው መሬት ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ገንዘብ ነው፤ አደጋውን የነገራቸው ሰው መኖሩንም እንጃ። እናንተ ግን አሁን ሰምታችኋል።

የቤት ሥራ፦ ቤታችሁ ቤንዚን ካለ የት እንደሚቀመጥ እናት አባታችሁን ጠይቁ። እናንተ አትንኩት፣ አታሽትቱት። ወረቀት ላይ በትልቁ «ቤንዚን» ብላችሁ ጻፉና እነሱ ይለጥፉት። ፊደል ላልቆጠሩት ታናናሾቻችሁ ደግሞ «አይጠጣም» የሚል ሥዕል ሥሩ፤ ሰኞ ክፍል ይዛችሁት ኑ።