መኪናው ፊደል ቆጥሯል፤ እኛስ?



ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከፊሎቻችን «መኪና የሾፌርና የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ የመምህር መሣሪያው ጠመኔ ነው፤ መኪና ኮምፒውተር ገባበት አልገባበት እኛ ምን አገባን?» ስንል፣ ከፊሎቻችን ደግሞ «ኧረ ያገባናል!» አልን። ክርክሩ በዚያ ሌሊት አላለቀም። መልሱን ያገኘነው መንገድ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማስተማር ልምምድ ስንመለስ የተሳፈርንበት መለስተኛ አውቶቡስ ዳገት ላይ አቅም አጣ። ሞተሩ ይሠራል፤ መኪናው ግን አይጎትትም። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በርታለች። ሾፌሩ ከ20 ዓመት በላይ መሪ የጨበጡ ሰው ናቸው። ወርደው ሞተሩን ከፈቱ፤ አዳመጡ፤ ዘይቱንም ውሃውንም አዩ፤ ምንም ጉድለት የለም። «ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?» ብንላቸው፣ «ልጆቼ፣ የድሮውን ሞተር በጆሮዬ ነበር የማውቀው። ሲያመው ይነግረኝ ነበር። ይሄኛው ግን ለኔ አይናገርም» አሉን።

ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ የጋራዥ ወጣት በሞተር ብስክሌት መጣ። መዳፍ የምታክል መሣሪያ አውጥቶ ከመሪው ሥር ሰካት። በመሣሪያዋ ላይ አንድ ፊደልና አራት ቁጥሮች፣ ከሥራቸውም አንድ መስመር እንግሊዝኛ ወጣ። ወጣቱ «እኔ ትምህርቴን ከ7ኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ እስቲ አንብቡልኝ» አለን። አነበብንለት። ከነዳጅ መርገጫው የሚመጣው መልእክት ተቋርጧል ይላል። ቢፈለግ አንዲት ቀጭን ሽቦ ተፍቃ ተበጥሳ ኖሯል። ወጣቱ ሽቦዋን ቀጥሎ ጠቀለላት፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተነሣን።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሾፌሩ የ20 ዓመት ልምድ አላቸው፤ ወጣቱ እጁ የተባ ነው፤ ሁለቱንም ያቆማቸው ግን ማንበብ ነው። ታዲያ ይህ የመምህር ጉዳይ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

ለመሆኑ ኮምፒውተሩ መኪና ውስጥ ምን ይሠራል? በቀድሞው መኪና የነዳጅ መርገጫው ሲረገጥ ገመድ ይስብ ነበር። በዛሬው መኪና ግን መርገጫው የኤሌክትሪክ መልእክት ይልካል፤ ለሞተሩ ምን ያህል አየርና ነዳጅ እንዲገባ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ፍሬኑም እንደዚሁ ነው። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1978 እ.ኤ.አ. በመርሴዲስ መኪና ላይ ያዋለው ፍሬን የየጎማውን ዙር ይቆጥራል። ሾፌሩ ደንግጦ በኃይል ሲረግጥ ጎማው ሊቆለፍ መሆኑን ካወቀ፣ ፍሬኑን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ለቀቅ ጠበቅ ያደርገዋል። ከዚህም የተነሣ መኪናው ሳይንሸራተት መሪው መታዘዙን ይቀጥላል። ይኸው ኩባንያ በ1986 እ.ኤ.አ. የመኪናው ክፍሎች በሁለት ሽቦ እርስ በርሳቸው መልእክት የሚለዋወጡበትን ዘዴ አስተዋወቀ። የዛሬ መኪና እንግዲህ በጎማ የሚሄድ የኮምፒውተሮች ማኅበር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ይህ ሁሉ ጥቅም መሆኑን አንክድም። ሆኖም ኮምፒውተር ያለውን ሁሉ አሜን ብሎ መቀበል አይገባም። በ2015 እ.ኤ.አ. በፎልክስዋገን የናፍጣ መኪናዎች ላይ የታየውን እናስታውስ። መኪናው ምርመራ ላይ መሆኑን የሚያውቅ ፕሮግራም ተጭኖበት ነበር። ምርመራ ላይ ሲሆን ጭሱን ይቀንሳል፤ መንገድ ሲወጣ ይለቀዋል። እንዲህ የተደረገባቸው መኪናዎች በዓለም 11 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ነገሩ እንዲጋለጥ መንገድ የከፈቱት በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ያደረጉትም መኪናውን መንገድ ላይ እየነዱ ጭሱን መለካት ነው። የዋሸው መኪናው አይደለም፤ ያስዋሸው ሰው ነው። ውሸቱን የያዘውም ለክቶ የሚያረጋግጥ ሰው ነው።

ሁለተኛው ችግር ዕውቀቱ መቆለፉ ነው። የመኪናውን ምስጢር የሠራው ፋብሪካ ብቻ ከያዘው ትንሹ ጋራዥ ይዘጋል። ለዚህም ነው በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ሕዝብ በ2012 እ.ኤ.አ. በድምፁ ሕግ ያጸደቀው፤ ሕጉ ፋብሪካዎች ለራሳቸው ወኪሎች የሚሰጡትን የጥገና መረጃ ለባለ መኪናውና ለሌሎች ጋራዦችም እንዲሰጡ ያስገድዳል። ሕዝቡ ይህን የጠየቀው የጎደለበትን ስላወቀ ነው። ያልተማረ ሰው ግን ምን እንደ ተቆለፈበት እንኳ አያውቅም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥታችን በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፤ የሞተር ዘይት አይቀየርለትም፤ ፍጥነቱን ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ባትሪውን ይሞላል። ታዲያ ካንዴላ በመጥረግና ዘይት በመቀየር ሙያ የጀመረው የጋራዥ ልጅ ነገ ምን ሊሠራ ነው? አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። መኪናውን በገንዘብ ማስገባት ይቻላል፤ ዕውቀቱ ግን በመርከብ ተጭኖ አይመጣም።

ስለዚህ በበኩላችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ መምህሮቻችን ቢፈቅዱልን የተቋማችንን መኪና የሚጠግኑት ባለሙያ ለሳይንስ ክበባችን አንድ ከሰዓት በኋላ ቢያስረዱን። ሁለተኛ፣ ወደ ትምህርት ቤት ስንመደብ ኤሌክትሪክን በሰሌዳ ላይ ብቻ አናስተምር፤ በባትሪ ድንጋይ፣ በሽቦና በአምፑል ልጆቹ ራሳቸው ያብሩት፣ ራሳቸው ያጥፉት። ሦስተኛ፣ በሚቀጥለው እትም የዳሽቦርድ ምልክቶችን ከነአማርኛ ፍቺያቸው በዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ለመነሻ ያህል፦ ቀይ መብራት አደጋ ስላለ ቁም ማለት ነው፤ ቢጫ ደግሞ ሳትዘገይ አስመርምር ማለት ነው።

ያ ወጣት «አንብቡልኝ» ሲለን ደስ ብሎን ነበር። በኋላ ስናስበው ግን አፈርን። 7ኛ ክፍል እስኪደርስ ያስተማሩት መምህራን ነበሩ። ነገ በእነሱ ቦታ የምንቆመው እኛ ነን። ከእጃችን የሚወጣ ልጅ የመኪናውን ቃል ሌላ ሰው እንዲያነብለት የማይለምን ይሁን።