ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት፣ ቺፕስ የሞላው ቦርሳ

ጠዋት በአዲስ አበባ አንድ የግል ትምህርት ቤት በር ላይ ለአሥር ደቂቃ የቆመ ሰው፣ ልጆች ከሰርቪስ ወርደው ወደ ግቢ ከመግባታቸው በፊት አጥሩ ሥር ወዳለው ሱቅ ጎራ ሲሉ ያያል። ይዘው የሚወጡት ቺፕስ፣ ክሬም ያለው ብስኩትና ለስላሳ ነው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ደግሞ ሱቁን ግቢው ውስጥ አስገብቶ ኪራይ ይሰበስብበታል።

የአገራችን ጭንቀት ለብዙ ዘመን የልጆች መክሳትና መቀንጨር ነበር፤ ዛሬም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። ስለዚህ የልጆች ውፍረት ሲነሳ «ይህ የጠገበ አገር ችግር ነው» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። ይህ ጋዜጣ በዚህ አይስማማም። በዓለም ላይ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው እ.ኤ.አ. በ1990 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2022 20 በመቶ ደረሱ። ዩኒሴፍ በ2025 እንዳስታወቀው ደግሞ በትምህርት ዕድሜ ላይ ካሉት መካከል በውፍረት የተያዙት ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ከከሱት በልጧል። እዚህ ያልደረሱት ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ብቻ ናቸው። እኛም ከእነዚህ መሆናችን የተረፈን ጊዜ ነው፤ ልንጠቀምበት ይገባል። በአዲስ አበባ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ውፍረቱ በግል ትምህርት ቤቶችና በተሻለ ኑሮ ላይ ባሉ ቤተሰቦች ልጆች ዘንድ እንደሚበዛ ያሳያሉና፣ ጉዳዩ ቤታችን ገብቷል።

በእኛ ዘንድ ልጅ ሲወፍር «ተመቸው፣ አማረበት» ይባላል። ይህን የሚሉ አያቶች ክፉ ቀን ያዩ ናቸው፤ የልጅ ጉንጭ ሲሞላ ደስ ቢላቸው አይፈረድባቸውም። የሚያሳዝነው ያው ልጅ 12 ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ በቦርጩ መቀለዱ፣ ጓደኞቹም ቅጽል ስም ማውጣታቸው ነው። ያፈረ ልጅ ከኳስ ሜዳ ይሸሻል፤ ክብደቱም ይብስበታል።

ለመሆኑ የት ይሩጥ? የሰፈሩ ሜዳ ፎቅ ወይም የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት ለመኖሪያ በተሠራ ቪላ ውስጥ ነው፤ ግቢው ለተማሪዎቹ ሰልፍ እንኳ አይበቃም። የስፖርት ክፍለ ጊዜ በደብተር ተጽፎ ያልቃል፣ ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ለሒሳብ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ልጅ በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ እንዳለበት ይመክራል። ይኸው ድርጅት ለአዋቂ እንኳ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል፤ በአንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ብቻ ግን 30 ግራም ገደማ ይገኛል።

ወላጅ ምሳ ዕቃውን ያስተካክል የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። እናት የቋጠረችው ቆሎና ሙዝ በሩ ላይ ከተደረደረው ቺፕስ ጋር ሊፎካከር አይችልም። ሌሎች አገሮች ይህን ተረድተዋል። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ስኳር፣ ጨው ወይም ስብ በበዛባቸው ምግቦች ማሸጊያ ላይ ጥቁር ምልክት እንዲታተም አስገደደች፤ በትምህርት ቤት እንዳይሸጡም ከለከለች። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጣፋጭ መጠጦችን ትቀርጣለች፤ በ2025 ደግሞ እነዚህን ምግቦች ከትምህርት ቤቶቿ አስወጣች። እኛም በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለስላሳ ላይ ኤክሳይስ ታክስ አለን፤ የሱቁን በር ግን ታክስ አይዘጋውም።

የአዲስ አበባ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማብላት ሲጀምር አይቻልም ያሉ ነበሩ። ተቻለ። ተማሪ በግቢው ምን እንደሚበላ መወሰን የከተማው ሥልጣን መሆኑ በተግባር ታይቷል፤ ይኸው ሥልጣን በግል ትምህርት ቤቶችም ሥራ ላይ ይዋል። ለስላሳና ቺፕስ በግቢም ሆነ በአጥሩ ዙሪያ እንዳይሸጥ በመመሪያ ይከልከል። የትምህርት ቤት ፈቃድ ሲታደስ መምህርና መማሪያ ክፍል እንደሚታየው ሁሉ መጫወቻ ሜዳም ይታይ። ቦታ የሌለው ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ካለ የሕዝብ ሜዳ ወይም ወጣት ማዕከል ጋር የተፈራረመበትን የአጠቃቀም ውልና በሳምንት ለስንት ሰዓት እንደሚጠቀምበት የሚያሳይ መርሐ ግብር ያቅርብ። መመሪያው ከሚቀጥለው መስከረም ምዝገባ በፊት ወጥቶ ወላጆች ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ ሊጠይቁበት ይገባል።