ሳይነጻጸሩ የተበላለጡ መድኃኒቶች

የደም ግፊት ታማሚዎች በሁለት ቡድን ተከፈሉ እንበል። አንዱ ቡድን አዲስ መድኃኒት ወሰደ፤ ሌላው ፈዋሽ ነገር የሌለበት ባዶ ክኒን። ተመራማሪው የእያንዳንዱን ቡድን የበፊትና የኋላ ልኬት ለየብቻ ፈተሸ፤ ፒ-ቫልዩው (እውነተኛ ለውጥ ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በዕድል ብቻ ሊታይ የሚችልበት መጠን) በመጀመሪያው 0.03፣ በሁለተኛው 0.12 ሆነ። «መድኃኒቱ ግፊት ቀንሷል፣ ባዶው ክኒን አልቀነሰም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ይሻላል» ሲል ደመደመ። ሁለቱን ቡድኖች ግን አንድም ጊዜ እርስ በርስ አላነጻጸራቸውም።

የጥፋቱ ሥር የ0.05 አምልኮ ነው፦ ፒ-ቫልዩው ከዚህ በታች ከሆነ ለውጥ «አለ»፣ ከበለጠ «የለም» ማለት። ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ለአሠራር ይመቻል ብሎ የያዛት ቁጥር ዛሬ የማለፊያና የመውደቂያ መስመር ሆናለች። በ51 ያለፈና በ49 የወደቀ ተማሪ በችሎታ እንደማይራራቁ መምህር ሁሉ ያውቃል፤ ብዙ ተመራማሪ ግን ይህን ይዘነጋል። አንድሩ ጌልማንና ሃል ስተርን በ2006 በቀላል ስሌት አሳይተውታል። የአንዱ ጥናት ውጤት 25፣ የሌላው 10፣ የሁለቱም መደበኛ ስህተት (የግምቱ የመዋዠቅ ልክ) 10 ቢሆን፣ የመጀመሪያው መስመሯን ያልፋል፤ ሁለተኛው አጠገቧም አይደርስም። ሲቀናነሱስ? ልዩነቱ 15፣ መደበኛ ስህተቱ 14 ገደማ። እንዲህ ያለውን ልዩነት ዕድል ብቻውን በቀላሉ ሊያመጣው ይችላል።

ይህን የጀማሪ ስህተት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በ2011 በኔቸር ኒውሮሳይንስ የወጣ ቆጠራ ከአምስት ታላላቅ መጽሔቶች 513 ጽሑፎችን አገላብጦ ነበር። ስህተቱ ሊፈጸምባቸው ይችል ከነበሩት 157 ውስጥ 78ቱ በትክክል ሠርተዋል፤ 79ኙ ተሳስተዋል። ያውም በገምጋሚ ዓይን ካለፉ በኋላ!

ዋጋውን የሚከፍለው ታማሚው ነው። በ1978 የካናዳ ሐኪሞች መጥቶ የሚያልፍ የስትሮክ ምልክት የታየባቸውን 585 ሰዎች ያካተተ ጥናት አሳተሙ። አስፕሪን በወንዶች ላይ ስትሮክንና ሞትን በ48 በመቶ ቀነሰ፤ በሴቶች ላይ «ጉልህ ለውጥ አልታየም» ተባለ። ሴቶቹ በቁጥር ከወንዶቹ በእጅጉ ያንሱ ነበር፤ በትንሽ ቡድን ውስጥ ደግሞ እውነተኛ ጥቅም እንኳ ሳይታይ ይቀራል። ቢሆንም «አልታየም» የሚለው «የለም» ተብሎ ተነበበ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1980 አስፕሪንን ለዚህ ችግር የፈቀደው ለወንዶች ብቻ ነበር። ብዙ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲደመሩ ጥቅሙ ለሁለቱም ጾታ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ፤ የሴቶቹ ፈቃድ ግን እስከ 1998 ዘገየ።

የልማዱ ተከላካዮች «ናሙናችን ትንሽ ስለሆነ በቀጥታ ብናነጻጽር ምንም አይወጣም» ይላሉ። እንዲህ ከሆነ መረጃው መድኃኒቱ እንደሚሻል አላሳየም ማለት ነው፤ ለየብቻ መፈተሽ ይህን ከመሸፈን አያልፍም። በዚያ ላይ ሰው ለጥናት የሚመለመለው ግፊቱ ከፍ ባለበት ቀን ስለሆነ፣ ባዶ ክኒን ቢውጥም በሚቀጥለው ልኬት ዝቅ የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው። የመቆጣጠሪያ ቡድን የተፈጠረው ይህን ለመለየት ሆኖ ሳለ፣ ለብቻው ፈትሾ ወደ ጎን መተው ምን ይባላል?

ሁለቱን ቡድኖች በቀጥታ የማነጻጸሩ ስሌት ማንኛውም የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በአንድ ትእዛዝ የሚሠራው ነው። አርታኢዎችም በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት ከእርግጠኝነት ወሰኑ ጋር ያልተጻፈበትን ጽሑፍ ለገምጋሚ ሳይልኩ ለባለቤቱ መመለስ ይችላሉ።