ዋሻውን ከላይ ጠብቁት

መኝታ፣ ማድ ቤትና መጸዳጃ በአንድ ተሽከርካሪ ጭኖ አገር ለአገር መዞር በአሜሪካ የተለመደ የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ነው። «ሞተር ሆም» ነጂዎች ከሚያቀኑባቸው ሥፍራዎች አንዱ የኬንታኪ ግዛት ሲሆን፣ ከ680 ኪሎ ሜትር በላይ የተለካውና በዓለም ከሚታወቁት ሁሉ ረጅሙ ዋሻ፣ ማሞዝ ኬቭ፣ የሚገኘው እዚያ ነው። ስለ ዋሻ ጉብኝት ሲነሳ ክርክሩ ወዲያው ወደ ውስጥ ይዘልቃል፦ መብራት ይዘርጋ አይዘርጋ፣ ደረጃ ይሠራ አይሠራ። እኔ ግን የዋሻ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ከላዩ ባለው መሬት፣ መኪናው በሚቆምበትና ፍሳሹ በሚደፋበት ቦታ ነው እላለሁ። የባሌውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ለጎብኚ እናመቻች የሚል ሁሉ ከዚያ ቢጀምር ይሻላል።

ምክንያቱ ድንጋዩ ነው። ወፍራም አፈር ውሃን ቀስ እያለ ያጣራዋል፤ የኖራ ድንጋይ ግን ስንጥቁ ብዙ ስለሆነ ከላይ የፈሰሰውን እንዳለ ቁልቁል ይሰደዋል። ይህን በውድ ዋጋ የተማረችው ከማሞዝ ኬቭ ብዙም የማትርቀው ሆርስ ኬቭ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። በዋናው መንገዷ ዳር አፉን የከፈተው ሂደን ሪቨር ኬቭ ከ1916 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይጎበኝ ነበር። ነዋሪው ግን ፍሳሹን ወደ ምድር እየለቀቀ፣ ከሥሩ ወንዝ እንደሚያልፍ እያወቀ፣ ዋሻውን የቆሻሻ ጉድጓድ አደረገው። በ1943 ተዘጋ። ሽታው እስከ መንገዱ ይወጣ ነበር፤ በጨለማው ውሃ የሚኖሩት ዓይን አልባ ዓሦችም ጠፉ። ዘመናዊ የፍሳሽ ማጣሪያ ተሠርቶ ዋሻው እንደገና ለጎብኚ የተከፈተው በ1993 ነው። ከተማዪቱ በራሷ ቆሻሻ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የቱሪስት ገቢዋን አጣች ማለት ነው።

ጎብኚው ውስጥ ገብቶ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። በ2024 በኒው ሜክሲኮው ካርልስባድ ዋሻ አንድ ሰው የጣለው የቺፕስ ከረጢት በእርጥበቱ ርሶ ሻጋታ አበቀለ፣ ነፍሳትም ሰበሰበ። ይሁን እንጂ ጠባቂዎቹ ያንን በ20 ደቂቃ አጸዱት። የሆርስ ኬቭን ፍሳሽ በመጥረጊያ የሚያነሳ አልተገኘም።

«ሶፍ ዑመር ሌላ ነው፤ የወይብ ወንዝ በየክረምቱ ሞልቶ ያጥበዋል» የሚል መልስ ይኖራል። ወንዙ ሃይለኛ መሆኑ እውነት ነው፤ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መተላለፊያና እነዚያን ግዙፍ ዓምዶች የቀረጸው እሱ ነው። ግን በሆርስ ኬቭም ሥር ወንዝ ያልፍ ነበር፤ ወንዝ መኖሩ አላዳናትም። ደግሞስ ውሃው ያጠበውን ወዴት ይወስደዋል? ወይብ ከባሌ ተራሮች ወርዶ ወደ ገናሌ የሚገባ ነው፤ ከዋሻው በታች ሰውና ከብት ይጠጡታል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የኑሮ ጉዳይ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ጎብኚ ወደ አካባቢው ሲመጣ፣ የሶፍ ዑመር ጎረቤቶች ተጠቃሚ እንዳይሆኑ የሚከለክል ደንብ ማን ይቀበላል? እኔም አልቀበልም። በሼህ ሶፍ ዑመር ስም ለዘመናት ሲጸለይበት የኖረውን ሥፍራ መቆለፍም አይታሰብም። የምለው ሎጁ፣ ሻይ ቤቱና የመኪና ማቆሚያው ከዋሻው ጣሪያ ላይ ይነሱ፣ ራቅ ብለው ይሠሩ ነው። የመጨረሻውን ርቀት ጎብኚው በእግሩ ወይም በበቅሎ ቢሄድ መሪውና ባለ በቅሎው የአካባቢው ልጅ ነው፤ ገቢው እንዲያውም ይሰፋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ መጸዳጃ ቤቱ ነው። በአገራችን ልማድ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ቤት ቀልሰውበት፣ ነገሩ አለቀ ይባላል፤ በኖራ ድንጋይ ላይ ግን ግርጌው ያልተለሰነ ጉድጓድ ወደ ዋሻው የተዘረጋ ቱቦ ማለት ነው። ስለዚህ ታችና ጎኑ በሲሚንቶ የተለሰነ ማጠራቀሚያና በየጊዜው እየመጠጠ የሚወስድ መኪና ያስፈልጋል። ከሮቤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚመላለሰው ለዚህ መኪና ነዳጅ በጀት ያልያዘ ዕቅድ፣ ውስጡን በአምፖል ለማስጌጥ የሚጠይቀው ብር ሊፈቀድለት አይገባም።